ሕፃን ይዘን ለመስቀል ስንጓዝ

መስቀል ሲደርስ የጋሞ ሰው የትም ቢሆን አገሩን ያስባል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሠራው ሸማኔ መወርወሪያውን ያስቀምጣል። አርባ ምንጭ የሚኖረው ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ቦንኬ ይወጣል። የደጋውም ሰው ቆላ ያሉትን ዘመዶቹን ለመጠየቅ ይወርዳል። «ዮ ማስቃላ!» እየተባባለ ሰው ሁሉ ይገናኛል። የተጣላ ይታረቃል፤ የተለያየ ይተያያል። እናትም ሕፃኗን አዝላ ትጓዛለች። አያቶች የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት ያን ጊዜ ነውና።

ትልቅ ሰው በዓል መድረሱን ያውቃል። ስለዚህ የመንገዱን ድካም፣ ብርዱንና የመኪናውን ግፊያ ይችለዋል። ሕፃን ግን በዓል አያውቅም። ሕፃን የሚያውቀው ጡቱን፣ እንቅልፉን፣ ሙቀቱንና የእናቱን ጀርባ ነው። እነዚህ ሲጓደሉበት ያለቅሳል። ሲብስም ይታመማል።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። በበዓል ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማል፤ የሕፃን ጥበቃ ግን አይቆምም። እንዴት አድርገን እንጠብቀው? ተራ በተራ እንመልከት።

1. ደጋና ቆላ

የጋሞ ምድር ደጋና ቆላ የተጎራበቱበት ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅም።

መንገዱ አጭር ቢሆንም የአየሩ ልዩነት ትልቅ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። ትልቅ ሰው ጋቢ ደርቦ ያልፈዋል። የሕፃን ሰውነት ግን ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበርደዋል፤ ቶሎም ይሞቀዋል።

በሽታውም እንደ አየሩ ይለያያል። ቆላ ወባ አለ። ደጋ ብርድና የሳንባ ምች ይበዛል። ስለዚህ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ለቆላ የሚያስፈልገው ዝግጅት ሌላ፣ ለደጋ የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

2. ከመነሳታችን በፊት

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ከቤት ነው።

መጀመሪያ፣ ሕፃኑ ለጉዞ ደርሷል ወይ? ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በቀላሉ ይታመማል። ሲታመምም ምልክቱ ቶሎ አይታወቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕፃን ቢቻል ጉዞው ቢዘገይ ይሻላል። የመስቀል ጥየቃ እንደሆነ በአንድ ቀን አያልቅም። አያቶች እነሱ ራሳቸው መጥተው ቢያዩት ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ ክትባቱን ተከትቧል ወይ? በበዓል ከየአገሩ ሰው ይሰበሰባል። ኩፍኝን የመሰለ በሽታም ከሰው ጋር አብሮ ይመጣል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ በ15 ወር ይደገማል። ቀኑ የደረሰ ልጅ ካለ ከጉዞው በፊት ጤና ኬላ ይወሰድ።

ሦስተኛ፣ ምን እንያዝ? እነዚህን አንርሳ፦

• አጎበር፣ ወደ ቆላ የምንወርድ ከሆነ
• ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ኮፍያና ካልሲ፣ ወደ ደጋ የምንወጣ ከሆነ
• ቢያንስ ሁለት ቅያሪ ልብስና በቂ የሽንት ጨርቅ
• ሳሙና
• የክትባት ካርድ
• ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ሁለት ከረጢት
• ስድስት ወር ላለፈው ልጅ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በንጹሕ ዕቃ

ይህ ሁሉ በአንድ ዘንቢል ይገባል። ለዘመድ ከሚወሰደው ስጦታ በፊት ይህ ዘንቢል ይዘጋጅ።

3. በመንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ እናት ሕፃኗን እንደ ቤቷ ሁሉ ባሰኘው ጊዜ ታጥባው። «ሰው ያየኛል» ብላ የጡት ሰዓት ማሳለፍ የለባትም። መኪናው ለምሳ ሲቆም ሕፃኑን አውርዳ ታናፍሰው፤ ጨርቁንም ትቀይርለት።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ልጆችን ያቅለሸልሻል። ከመነሳታቸው በፊት ብዙ አይብሉ። ከኋላ ወንበር ይልቅ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ባለው ወንበር መቀመጥ ይሻላል። ይሁን እንጂ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ከመስታወቱ ፊት ልጅ ታቅፎ መቀመጥ አይገባም። መኪናው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ሕፃኑ ከእጅ ያመልጣል።

በበዓል ሰሞን መኪና ይጠፋል። ያን ጊዜ በጭነት መኪና ላይ፣ ከከረጢትና ከፍየል ጋር መሳፈር ይመጣል። በአንድ ሞተር ሳይክል አራት ሆኖ መሄድም ይታያል። ለሕፃን ይህ ሞት ነው። አንድ ቀን ዘግይቶ መድረስ ይሻላል። መስቀል ይቆየናል፤ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ካመለጠ አይመለስም።

በእግር የምንሄድ ከሆነ አንቀልባ መልካም ነው። ነገር ግን የሕፃኑ ፊት እንዳይታፈን እንጠንቀቅ። ብርድ ወይም አቧራ ፈርተን ጋቢውን አናቱ ድረስ ስንከናነብለት አየር ያጥረዋል። በየጊዜው ገለጥ አድርጎ አፍንጫውን ማየት ያስፈልጋል። እናት ጀርባዋን ስለማታይ አብሯት የሚሄደው ሰው ይይላት።

4. ወደ ቆላ ስንወርድ፦ ወባ

ወባ ምንድን ነው? ድሮ ሰው ወባ ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ሮናልድ ሮስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሕንድ አገር ሳለ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ታወቀ። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ በታቆረ ውሃ ትራባለች። የምትናከሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

በአገራችን ዋናው የወባ ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ አልፎ ውሃው በየቦታው ሲያቁር ትንኝ ይበዛል። መስቀል የሚውለው መስከረም 17 ቀን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። የደጋው ሰው ልጁን ይዞ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ምዕራብ ዓባያ የሚወርደው ልክ ወባ በሚበረታበት ጊዜ ነው።

ቆላ የሚኖር ሰው ወባ ደጋግሞ ስለሚይዘው ሰውነቱ በመጠኑ ይለማመዳል። የደጋ ሰው ግን አልለመደውም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ይህን አሳይቷል። ያን ጊዜ በሽታው ብዙ ሳያውቀው ወደ ኖረው ከፍተኛ ቦታ ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህል ሰውም እንደሞተ ተገምቷል። በትልልቆች ላይ እንዲህ ከጨከነ በሕፃን ላይ ምን ያደርጋል?

መከላከያው አጎበር ነው። ግን አንድ ችግር አለ። አጎበር የሚታደለው ወባ ባለባቸው ቀበሌዎች ነው። ስለዚህ የደጋ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አጎበር የለውም። የቆላው ዘመድ ደግሞ ያለውን ለራሱ ቤተሰብ ሰቅሎታል። በበዓል እንግዳ ሲበዛ መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፎ ይተኛል። ታዲያ ያለ አጎበር የሚያድረው ማነው? እንግዳው ነው። ከእንግዳውም ሕፃኑ!

ምን ይደረግ? ከመሄዳችን በፊት ለዘመዳችን ስልክ ደውለን «ልጅ ይዘን ነው የምንመጣው፤ ትርፍ አጎበር አላችሁ ወይ?» እንበል። ከሌለ ገዝተን ወይም ተውሰን እንሂድ። አዲስ አጎበር ከሆነ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ቀን ጥላ ላይ ይናፈስ። መሬት ላይ የምንተኛ ከሆነ አጎበሩ ዝቅ ብሎ ይሰቀል፤ ጫፉም ዙሪያውን ከሰሌኑ ሥር ይገባ። ቀዳዳ ካለው ይሰፋ። አጎበሩ አንድ ብቻ ከሆነ ከሥሩ መተኛት ያለባቸው ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ለትልቅ እንግዳ ክብር ተብሎ ከሕፃን ላይ አጎበር አይነሳም።

ጨዋታው ደርቶ ደጅ በሚመሽበት ጊዜም ሕፃኑ እጅና እግሩን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። እንቅልፍ ሲይዘው ጭን ላይ አይደር፤ አጎበር ውስጥ ይግባ።

ቆላ ሙቀትም አለ። ቀን ቀን ሕፃኑ ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ ጥላ ውስጥ ይሁን። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሲሞቀው ቶሎ ቶሎ ይጠማዋል። ቶሎ ቶሎ ይጥባ እንጂ ውሃ አይሰጠው። እናትየው ግን ብዙ ውሃ ትጠጣ።

5. ወደ ደጋ ስንወጣ፦ ብርድና ጭስ

ከአርባ ምንጭ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ የሚወጣ ሕፃን የሚጠብቀው ጭጋግና ዝናብ ነው። የመስከረም ዝናብ ገና አልወጣም። የረጠበ ልብስ ከብርዱ የባሰ ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ልብስ ሲረጥብ ወዲያው ይቀየር። ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ ማልበስ ይበልጥ ያሞቃል። ራሱ በኮፍያ ይሸፈን። በጣም የበረደውን ሕፃን እናቱ ደረቷ ላይ፣ ገላው ገላዋን እንዲነካ አድርጋ ታቅፋው፤ ከላይ ጋቢ ወይም ቡሉኮ ትደርብ። ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ የለም።

ሕፃኑ እንደበረደው ወይም እንደሞቀው እንዴት እናውቃለን? ማጅራቱን በእጅ እንዳስስ። ቀዝቃዛ ከሆነ በርዶታል። ላብ ካለው ደግሞ ልብስ በዝቶበታል።

አንድ ትልቅ አደጋ እዚህ ላይ አለ። ሌሊት ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ገዳይ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። ቤተሰቡ እንደተኛ ይቀራል። ሕፃን ያለበት ቤትማ ፈጽሞ አይደረግ።

የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተሠርቶ ከፍ ያለ ነው። ውስጡ እሳት ይነድዳል። ለትልቅ ሰው ያሞቃል። ሕፃን ግን ጭሱ ሳንባውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሕፃኑ ጭሱ ከሚሄድበት ወገን አይተኛ። እንጨቱም ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ጭሱ ይበዛል።

6. የበዓል ምግብና የሕፃን ምግብ

በመስቀል በሬ ይታረዳል። ቅቤ ይነጠራል። ቆጮው፣ ዳጣው፣ ቦርዴው ይቀርባል። ዘመድ ሁሉ ሕፃኑን ሊያቀምሰው ይወዳል። የሚያደርገው ከፍቅር ነው። ቢሆንም እስከ ስድስት ወር ድረስ የሕፃን ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው። ውሃም፣ ቅቤም፣ የላም ወተትም አያስፈልገውም። በሆዱ ላይ ተቅማጥ ያመጡበታል።

ታዲያ አያት ቅቤ ላቅምሰው ቢሉ ምን ይባላል? ትልቅ ሰው አይሰደብም፤ አይቆጡትም። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

አያት፦ «እስቲ ቅቤ ላቅምሰው፤ አንጀቱ ይራስ።»

እናት፦ «እማማ፣ ጤና ኬላ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ብለውናል። እርስዎ ይመርቁልኝ። ቅቤውን ለእኔ ይስጡኝ፤ በጡቴ በኩል ይደርሰዋል።»

አያትም አይቀየሙ፤ ሕፃኑም አይታመም።

ስድስት ወር ያለፈው ልጅ ከጡት ሌላ ምግብ ይበላል። ለእርሱም ትኩስ፣ በደንብ የበሰለና ለስላሳ ምግብ ይቅረብለት። አርባ ምንጭ ሙዝ ሞልቷል። ልጡን ልጦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሙዝ ደቁሶ ማብላት መልካም ነው። ጥሬ ሥጋ ለልጅ አይሰጥም። ዳጣም አንጀቱን ያቃጥለዋል። የጫሞን አሳ የምናበላው ከሆነ እሾሁ አንድ በአንድ ይለቀም። ጠዋት የተሠራ ምግብ እስከ ማታ ቆይቶ ለልጅ አይሰጥ፤ በተለይ ቆላ ቶሎ ይበላሻል። ቦርዴም፣ ጠላም፣ አረቄም ለልጅ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

ቆሎ፣ ለውዝና ጥሬ ባቄላ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥ። እየሳቁ እየሮጡ ሲበሉ ጉሮሮአቸው ውስጥ ይሰነቀራል። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታንቆ ማሳልና ማልቀስ ካቃተው፣ በክንዳችን ላይ በደረቱ አስተኝተን፣ ራሱን ከሰውነቱ ዝቅ አድርገን፣ አገጩን ደግፈን፣ በሁለት ትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችን አምስት ጊዜ መታ መታ እናድርገው። ካልወጣ ገልብጠን በጀርባው እናስተኛውና በሁለት ጣት የደረቱን መካከል አምስት ጊዜ ጫን ጫን እናድርግ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቅን እንቀጥል። አንድ ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ መኪና ይፈልግ። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ መፈለግ ግን ያልታየውን ነገር የበለጠ ይገፋዋል።

7. ልጁ በማን እጅ ነው?

መዳህና መሄድ የጀመረ ልጅ አስጊ ነው። በበዓል ቤቱ በሰው ይሞላል። እናት «አባቱ ጋ ነው» ትላለች። አባት «አክስቱ ጋ ነው» ይላል። አክስት «ልጆች ጋ ይጫወታል» ትላለች። ሁሉም ይጠብቀዋል ሲባል ማንም አይጠብቀውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለልጁ በስም የታወቀ አንድ ጠባቂ ይኑረው። ጠባቂው ሲደክመው «እንግዲህ አንቺ ተረከቢኝ» ብሎ ለሌላ በአፉ ተናግሮ ያስረክብ። አባቶችም ተራ ይግቡ። የሚጠብቅ ሰው በተራው መጠጥ አይጠጣ። የጠጣ ሰው ከሕፃን ጋር በአንድ መኝታ አይተኛ፤ እንቅልፉ ስለሚከብድ ሳያውቅ ሕፃኑን ሊጫነው ይችላል።

ጠባቂው በተለይ አራት ነገሮችን ይይ።

እሳት፦ ችቦና ደመራ ለልጅ ያምራል። ልጁ ግን በሰው ክንድ ላይ ሆኖ፣ ከሩቅ፣ ነፋሱ ከማይወስድበት ወገን ይይ። ቤት ውስጥ ትኩስ ወጥና የፈላ ቅቤ መሬት ላይ አይቀመጥ። ልጅ ከተቃጠለ የተቃጠለውን ቦታ ብቻ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል እናፍስበት፤ ሌላውን ገላውን እንዳይበርደው እንሸፍን። ቅቤ፣ ሊጥ፣ አፈርና የጥርስ ሳሙና አይቀባ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ውሃ፦ ዓባያና ጫሞ የሚያምሩ ሐይቆች ናቸው። አዞም አለባቸው። አዞ ውሃ ዳር ተደብቆ ይጠብቃል። ስለዚህ ልጅን ሐይቅ ዳር ማጠብም፣ ማጫወትም አይገባም። ቤት ውስጥ ያለ ባልዲም ቢሆን ትንሽ ልጅን ያሰጥማል፤ ይከደን።

ጉድጓድ፦ የቆጮ ጉድጓድና የመጸዳጃ ጉድጓድ አፋቸው ይዘጋ። ለእንግዳ ልጅ ግቢው አዲስ ነው። የባለቤቱ ልጅ የሚያውቀውን እርሱ አያውቀውም።

ጠርሙስ፦ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ አረቄ ውሃ ይመስላል። ላምባም እንዲሁ። ልጅ ሲጠማው አንስቶ ይጠጣል። ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ። ልጅ ላምባ ከጠጣ እንዲያስታውከው አናድርግ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

8. ሕፃኑ ቢታመም

በዓል ነው ተብሎ የሕፃን ሕመም አይቆይም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። ዘመዶቻችን ቤት እንደደረስን «ጤና ኬላው የት ነው? የሠራተኛዋ ስልክ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳንውል ሳናድር እንውሰደው፦

• ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው
• የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ
• ካንቀጠቀጠው
• ከደነዘዘ፣ ሲጠሩት ካልነቃ
• ትኩሳት ካለው
• ተቅማጡ ደም ካለው፣ ወይም ዓይኑ ከሰረጎደ
• ትንፋሹ ከፈጠነ

የትንፋሽ መፍጠን እንዴት ይታወቃል? ሕፃኑ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጠን፣ የስልክ ሰዓት ይዘን፣ ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል አንድ ደቂቃ እንቁጠር። ከ2 ወር በታች ላለ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

ለተቅማጥ፦ ኦ.አር.ኤስ. ከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ። ብዙውን ጊዜ አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ነው። በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት፣ ጡቱንም አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ጤና ኬላው የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ይውሰድ። «ጥርሱ ነው፣ ይነቀል፤ እንጥሉ ነው፣ ይቆረጥ» የሚል ምክር አይሰማ። ይህ ሕፃኑን ያደማዋል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።

ሲያንቀጠቅጠው፦ በጎኑ እናስተኛው። አፉ ውስጥ ምንም አንጨምር። ክብሪት አናሽትተው። ወዲያው ወደ ሐኪም እንውሰደው።

9. ከበዓል ስንመለስ

ብዙ ሰው ቤቱ በሰላም ሲገባ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ወባ ትንኝ በነከሰች ቀን አይታይም። ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን እስከ 30 ቀን በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ከዚያም በላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንዲት የጨንቻ እናት መስከረም 18 ቀን አርባ ምንጭ ወረደች እንበል። ሦስት ሌሊት አድራ መስከረም 21 ቀን ተመለሰች። ትንኝ ልጇን የነከሰችው መስከረም 19 ቀን ነው። ልጁ ጥቅምት 2 ቀን ትኩሳት ያዘው። በመካከሉ 13 ቀን አልፏል። መስቀሉ ተረስቷል። ጎረቤት «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። ደጋ ወባ ስለሌለ ማንም ወባን አያስብም። ሁለት ሦስት ቀን በዋዛ ያልፋል። በሕፃን ላይ ወባ ሲበረታ ደግሞ ቀን አይሰጥም።

ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሕፃን ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ጤና ኬላ ይወሰድ። ሠራተኛዋ ሳትጠይቅ እናት ራሷ «ቆላ ወርደን ነበር፤ በዚህ ቀን ወርደን በዚህ ቀን ተመለስን» ብላ ትንገራት። ይህች አንዲት ቃል የልጅ ሕይወት ታድናለች። ከጣቱ ወይም ከተረከዙ ጥቂት ደም ተወስዶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወባ መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። መድኃኒት ከታዘዘ ልጁ ቢሻለውም ተቆጥሮ ይጨረስ። የተረፈ ኪኒን ለሌላ ልጅ አይቀመጥ።

ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። የወረድንበትንና የተመለስንበትን ቀን በክትባት ካርዱ ጀርባ እንጻፍ። ትኩሳት በመጣ ጊዜ ካርዱን ለሠራተኛዋ እንስጣት። እኛ ብንረሳው እንኳ ወረቀቱ አይረሳም።

ለማስታወስ

ወደ ቆላ ስንወርድ አጎበር። ወደ ደጋ ስንወጣ ደረቅ ልብስ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ። ለልጁ አንድ የታወቀ ጠባቂ። ሲታመም በዚያው ቀን ጤና ኬላ። ከተመለስን በኋላም አንድ ወር ነቅቶ መጠበቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ደጋ የሚኖር ሕፃን ወደ ቆላ ሲወርድ ወባ ይበልጥ የሚያሰጋው ለምንድን ነው?
2. አንድ አጎበር ብቻ ቢኖር ከሥሩ መተኛት ያለበት ማነው?
3. አያት ለአራት ወር ሕፃን ቅቤ ላቅምስ ቢሉ እናንተ በምን ቃል ትመልሳላችሁ?
4. የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ምን ጉዳት አለው?
5. በእናንተ ቤት በመስቀል ቀን ሕፃኑን የሚጠብቀው ማነው? ተራው እንዴት ይከፋፈል?
6. አንድ ሕፃን መስከረም 20 ቀን በወባ ትንኝ ቢነከስ፣ 14 ቀን ቆጥራችሁ ትኩሳቱ ሊጀምር የሚችልበትን ቀን ጻፉ።